ውሃ ሥር የቀረው ማሳ፦ ከሐረማያ ዳር የተጻፈ የመንጠቆ ምክር

የአሜሪካውያንን የባስ ዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ እየተመለከቱ የሚያመሹ የድሬዳዋና የሐረር ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። እኔ በየጊዜው ክርና መንጠቆ ይዤ ወደ ደጋው እንደምወጣ የሚያውቁት ሲያገኙኝ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል፤ ያ የሚያብረቀርቀው ሰው ሠራሽ ማታለያ የት ይገኛል? ባሱስ እኛ አገር የት ይያዛል? የሁለተኛው መልስ አጭር ነው፤ በሐረርጌ ሐይቆች ውስጥ ባስ የለም። የመጀመሪያው መልስ ግን ጠያቂዎቹን ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛቸዋል፤ ማታለያውን ብታገኙት እንኳ ሐረማያ ሐይቅ ላይ እምብዛም አይጠቅማችሁም እላቸዋለሁና። ይህን ስል ቪዲዮውን አትመልከቱ ማለቴ አይደለም። እኔም እመለከታለሁ፣ ብዙም ተምሬበታለሁ። እነዚያ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያስቀኑኝ ግን ውሃ ሥር ያለውን መሬት ለማወቅ በሚያደርጉት ትጋት ነው፤ በዚህ ረገድ ደግሞ የሐረማያ ሰው በዓለም ላይ ጥቂቶች ብቻ ያገኙት ዕድል አለው። የጽሑፌ ጉዳይ ይኸው ነው።

አስቀድሜ ስለ ባስ ጥቂት ልበል። አፈ ሰፊው ባስ የትውልድ ስፍራው ሰሜን አሜሪካ ነው። አድፍጦ የሚያድን ዓሣ ነው፤ ከወደቀ ግንድ፣ ከውሃ ሣር ጫፍ ወይም ከድልድይ ምሰሶ ጥላ ሥር ተጠግቶ ይቆምና ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ስታልፍ ድንገት ወጥቶ ሰፊ አፉን ከፍቶ ከነውሃው ወደ ውስጥ ይስባታል። አደኑን የሚመራው በዓይኑና ጎንና ጎኑ ላይ ባለው፣ የውሃን ንዝረት በሚለይ የስሜት መስመር ስለሆነ የላስቲክ ትልም ሆነ የሚሽከረከር ብረት ሊያታልለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው በጆርጂያ ግዛት ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ባስ ያዘ፤ ይህን ክብረ ወሰን የሚስተካከል ዓሣ የተገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ በ2009 በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ ሲሆን ያጠመደው ማናቡ ኩሪታ ነበር። ወደ እኛ ቀረብ የሚለው የታወቀ የባስ ውሃ የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ነው፤ ወደዚያም የገባው በሰው እጅ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ነው።

የእኛ ሐይቆች ዓሣዎች በዋናነት ቆረሶና አምባዛ ናቸው። ቆረሶ አፉ ትንሽ ነው፤ አልጌና በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን እየለቀመ የሚኖር፣ ትልና ሊጥ ሲያገኝም የማይንቅ ዓሣ ነው። አምባዛ ደግሞ በጭቃ ወለል ላይ እየተሳበ በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት የስሜት ጢሞች እየዳሰሰና እያሸተተ፣ ይበልጡን በሌሊት የሚበላ ነው። አንዱም ቢሆን ከግንድ ሥር ወጥቶ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የሚዘል አይደለም። አምባዛ አልፎ አልፎ እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል፤ ለአልፎ አልፎ ግን ያን ያህል ገንዘብ አይወጣም። ማታለያውን የገዛና ልቡ እምቢ ያለው ሰው አርባ ምንጭ ይውረድ፤ የአባያና የጫሞ ነጭ ዓሣ በአደን ጠባዩ ከባስ ጋር የሚቀራረብ፣ በመጠኑ ግን ባስን ብዙ ጊዜ የሚያጥፍ ስለሆነ ያ ሁሉ ዕቃ እዚያ ሥራ ያገኛል።

ወደ ሐረማያ ልመለስ። ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት የጨረሰና አዴሌን ያለፈ ሰው ወደ ሐረር ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሄደው ከዚሁ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ቀን ከሌት የሚስበው ፓምፕ፣ የከተሞቹ ፍጆታ፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለልና የፀሐዩ ትነት ተደማምረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ሐይቁ ፈጽሞ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃዋ ከቆላው፣ ከድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር፣ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት የዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ከብት ሐይቁ መሐል ገብቶ ይግጥ ነበር። ሰው በእግሩ ያቋርጠው ነበር። ገበሬው ደግሞ የሐይቁን ወለል አርሶ ዘራበት፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ እየራቀ ሲሄድም መሬቱን እየቆፈረ ፓምፑን ወደ ጉድጓድ ውስጥ አወረደ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ሲመለስ እነዚያ ጉድጓዶች፣ ቦዮችና የማሳ ድንበሮች እንዳሉ ውሃ ሥር ገቡ።

አሜሪካዊው የባስ አጥማጅ የሐይቁን ወለል ለማየት በጀልባው ላይ በድምፅ ሞገድ ጥልቀትን የሚለካ መሣሪያ ይገጥማል፤ ለዚህም ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። የሚፈልገው ምንድን ነው? ሜዳው ድንገት የሚጎደጉድበትን፣ የድሮ ወንዝ መስመር የሚያልፍበትን፣ ግንድ ወይም ድንጋይ የተጋደመበትን ቦታ ነው። ዓሣ ባዶ ሜዳ ላይ አይውልም፤ ጥልቁና ጥልቅ ያልሆነው የሚገናኙበትን ጠርዝ ይወዳል፣ ሲበርድም ሲሞቅም ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሶ የሚስማማውን ያገኛልና። ይህ ለባስ ብቻ ሳይሆን ለቆረሶም ለአምባዛም የሚሠራ ነገር ነው። አሜሪካዊው በመሣሪያ የሚፈልገውን ይህን እውቀት የሐረማያ ዳር ገበሬ በእግሩ ረግጦ፣ በዶማው ቆፍሮ ያውቀዋል። ማሳው ነበረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳር ላይ ቆሜ ክሬን አርቄ ስወረውር የሚመለከቱኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የጫታቸውን ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ሊያዩ የመጡ ናቸው። ሲበዛባቸው ጊዜ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ባዶውን ነው የምትወረውረው» አሉኝ። «የቱ ጋ ልወርውር ታዲያ አባባ?» አልኳቸው። በበትራቸው ባሕር ዛፎቹን አሳዩኝና፣ «ከዚያ ትይዩ የወንድሜ ጉድጓድ ነበር። አፉ ሰፊ ነው፣ ስንቆፍረው ግድግዳው እየተናደ አስቸግሮን ስለነበር አሰፋነው። የቡና ዛፍ ቆርጠን ጥለንበታል፣ ከብት እንዳይገባ» አሉኝ። አንድ የባስ አጥማጅ ይህን ቢሰማ ምን ያህል እንደሚጓጓ አሰብኩ፤ ሰፊ አፍ ያለው ጉድጓድ፣ ውስጡም ቅርንጫፍ! ወደዚያ የሄድኩት ወዲያው ነው፤ እዚያም ከሌላው ዳር ይልቅ ደህና ደህና ቆረሶ ይገኛል።

እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ከዳር ሆኖ ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። መንጠቆ የሌለው ክር ላይ ክብደት አስሮ መወርወር፣ ክብደቱ ውሃውን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ክሩ እስኪላላ ድረስ በልብ መቁጠር፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ጎን እየፈቀቁ ደግሞ መወርወር ነው። ቁጥሩ እኩል ሲሆን ቆይቶ ድንገት ሲጨምር ጠርዙን አገኛችሁ ማለት ነው። እኔ ለክብደት የምጠቀመው ከጋራዥ የወጣ አሮጌ ካንዴላ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ እንደ እርሳስም ውሃውን አይመርዝም፣ ቢጠፋም አያሳዝንም። የካንዴላው የታችኛው ጫፍ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ እዚያ ላይ ለስለስ ያለ ሳሙና እጠቀጥቅበታለሁ። ወለሉን ሲነካ ጥቂት ጭቃ ይዞ ይወጣል። ጥቁርና የሚሸት ዝቃጭ ከመጣ ቦታው ላይ አልቆይም፤ እዚያ ወለሉ አየር ያጥረዋል። ግራጫ ሸክላ ወይም አሸዋ የቀላቀለ ሲሆን ግን የማሳ ድንበር ወይም የቦይ ዳር የመሆን ዕድሉ ብዙ ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ብዙዎች ለዚህ ትዕግሥት ስለሌላቸው ከዛፍ ጥላ ሥር፣ መኪናቸው የቆመበት ቦታ ላይ ተቀምጠው «ዓሣ የለም» ብለው ይመለሳሉ።

ስለ ሰዓቱም ከቪዲዮዎቹ ጋር አልስማማም። ጎህ ሲቀድ ውሃው ዳር ተገኙ የሚለው ምክር በበጋ ሙቀት ለሚኖር ለአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ባስ የሚስማማ ነው። ቆረሶ የሙቅ አገር ዓሣ ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲጠጋ ደግሞ ጨርሶ ይተዋል ማለት ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሐረማያ ሜዳ ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት አለ። እንዲህ ባለው ሰሞን ገና ሳይነጋ ከድሬዳዋ ተነስቶ በሚኒባስ መንቀጥቀጥ ትርፉ ብርድ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ፀሐይ ጥልቀት የሌለውን ዳር ስታሞቀው ዓሣው ወደዚያ ይወጣል። በሚያዝያና በግንቦት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ማለዳውና ምሽቱ ይመረጣል። ስለዚህ ሰዓት አትጠይቁኝ፣ እጃችሁን ውሃው ውስጥ ክተቱ እላለሁ።

ነፋስ ሲነሳ ደግሞ አብዛኛው ሰው ነፋሱ ወደማያገኘው ጸጥ ያለ ዳር ይሄዳል። ዓሣው ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። ነፋስ ላይኛውን ሙቅ ውሃና በውስጡ የሚንሳፈፈውን ምግብ እየገፋ ወደ አንዱ ዳር ያከማቻል፤ ቆረሶም ምግቡን ተከትሎ ይሄዳል። ክሩን ለመወርወር ቢያስቸግርም ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታችሁ ዳር ላይ መቆም ይሻላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ጥላችሁ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ ዳር ላይ ያለው ዓሣም ጥላውን አይቶ ይሸሻል። ይህን የማያውቅ ሰው ክሩን ሃምሳ ሜትር ወርውሮ እግሩ ሥር የነበረውን ዓሣ ያባርራል።

ስለ ዕቃ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሰው ስለ ዕቃ ማውራት ስለሚወድ ብቻ ነው ይህን የሚያህል ቦታ የሚሰጠው። ለቆረሶ ውፍረቱ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ የናይሎን ክርና ከ8 እስከ 10 ቁጥር ያለው ትንሽ መንጠቆ በቂ ነው፤ በመንጠቆ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲተልቅ መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይሏል። ትልቅ መንጠቆ ቆረሶ አፍ ውስጥ አይገባም፣ ትሉን ነጥቆት ይሄዳል። ለአምባዛ ክሩ ከ0.40 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ክርና መንጠቆ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ማስላክ ይሻላል። ረጅም ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ጫፉ ላይ ክር የታሰረበት ዘንግ፣ ሪል (ክር መጠቅለያ) ካለው ርካሽና ቶሎ ከሚሰበር ዘንግ ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ጉድጓዶቹ ከዳር ሩቅ አይደሉምና። ክሩ ላይ ታስሮ ዓሣ ሲነካ የሚያመለክተውን ተንሳፋፊ ከሚጣል የስሊፐር ጫማ ቆርጦ መሥራት ይቻላል። የሐረማያ ልጆች የሚያደርጉት እንዲሁ ነው፤ አንዱ ልጅ ከውጭ አስመጥቼ የያዝኩትን ቀይና ነጭ ተንሳፋፊ አገላብጦ ካየ በኋላ «አቦ፣ ይሄ እኮ ዓሣውን አያበላውም» ብሎ መልሶልኛል፤ ቀኑን ሙሉም ከእኔ እኩል ያዘ።

ለቆረሶ ከሁሉ የሚሻለው በመስኖ ቦይ ዳር ከሚገኘው እርጥብ አፈር የሚወጣ ትል ነው። በቁራጩ፣ የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ በሚሸፍን መጠን ይደረጋል። ሊጥም ይሠራል፣ በተለይ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት ከታሸ በውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ለአምባዛ ግን የሚሸት ነገር ያስፈልጋል፤ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ ሥጋ ቤት የሚጥለው ትርፍራፊ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወለሉ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። አምባዛን ከውሃ ያወጣ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። የደረቱ ክንፎች ሥር በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ሲቆጣ ገትሮ ይይዛቸዋልና ከእሾሆቹ በስተኋላ ሆኖ በጨርቅ መያዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከጉንጩ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው መሬት ላይ ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል፤ ሞቷል ተብሎ ዳር የተተወ አምባዛ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ተመልሶ ውሃ ይገባል። ልትበሉት ከሆነ ቶሎ ጭንቅላቱን መትታችሁ ግደሉት፤ በሕይወት እያለ ፌስታል ውስጥ አፍኖ ማዋሉ ጭካኔ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሊቆጣኝ ወደሚችልበት ጉዳይ ልግባ። ሴቷ ቆረሶ እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ አሸዋውን በአፉ እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል፤ እሷ እዚያ ትጥልና ወዲያው እንቁላሏን በአፏ ሰብስባ ወደ ጸጥታ ቦታ ትሄዳለች። በዚያ ጊዜ እምብዛም አትበላም፤ ነገር ግን አንዳንዴ በመንጠቆ ትያዛለች። በእጄ ይዤ መንጠቆውን ሳወጣ አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ተወጥሮ አየሁ። አፏን ስትከፍት ከሰሊጥ ፍሬ ተለቅ ያሉ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ቀለም ያላቸው እንቁላሎች በከንፈሯ ዳር ብቅ አሉ፤ ጥቂቶቹ እጄ ላይ ፈሰሱ፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ ሁለት ጥቁር የዓይን ነጠብጣብ ይታይ ነበር። እንዲህ ዓይነቷን ዓሣ እጅን አርጥቦ፣ ሳይጨምቁ፣ ከውሃው ሳያርቁ መመለስ ይገባል። የመንጠቆውን ሽንኮር፣ ማለትም ዓሣው እንዳያመልጥ የሚይዘውን ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ ሹል፣ በፒንሳ ቀድሞ የደፈጠጠ ሰው ይህን ለማድረግ ይቀለዋል፤ እኔ ሁሉንም መንጠቆዬን እደፈጥጣለሁ፣ የሚያመልጠኝ ዓሣ ትንሽ ይበዛል፣ ይሁን።

ባስ አጥማጆች በዚህ ረገድ ጥሩ ልማድ አላቸው። በባስ ዘንድ ጎጆውን የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ ውሃው ወደ 16 እና 18 ዲግሪ ሲሞቅ ጎጆ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቢነሳ ሌሎች ትናንሽ ዓሣዎች በደቂቃዎች ውስጥ እንቁላሉን ይጨርሱታል። ስለዚህ ብዙዎቹ በዚያ ወቅት የያዙትን እዚያው ይለቃሉ፤ እንዲያውም ጎጆ ላይ ያለን ዓሣ ማጥመድ ተገቢ ነው አይደለም በሚል ዛሬም ይከራከራሉ። እኛ ዘንድ ክርክሩ ገና አልተጀመረም። ዳር ላይ ዓይኑ ጠባብ መረብ ዘርግቶ ጣት የማታክል ቆረሶ የሚያወጣ ሰው አያለሁ። በሌላው የአገራችን ክፍል እንደሚደረገው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ትልቁንም ትንሹንም ማስከር እዚህም ከተጀመረ ደግሞ አንድ ጊዜ ደርቆ ለተመለሰ ሐይቅ ሁለተኛ መከራ ነው። አገሪቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት አዋጅ አላት፤ አዋጁን ይዞ ዳር የሚቆም ሰው ግን አላየሁም። መረቡን የሚጥለውን ሰው ብወቅሰው ልጆቹን የሚያበላው በዚያ እንደሆነ ይነግረኛል፤ እውነቱን ነው። ለእሱ የምለው ሌላ ነው፤ የመረቡን ዓይን አስፋው፣ ወራት ጠብቀህ እጥፍ ክብደት ያለው ዓሣ ታወጣለህ። ለመዝናናት ለምንወጣው ለእኛ ግን ምክንያት የለንም፤ ለእራት የሚበቃውን ይዘን መሄድ አለብን።

ባስን አምጥተን ሐረማያ ውስጥ ብንለቀው ቱሪስት ይመጣ ነበር የሚል ሐሳብ ከአንድም ሁለት ሰው ሰምቻለሁ። እኔ በጽኑ እቃወማለሁ። ይህ በሌላ አገር የተሞከረና ውጤቱ የታየ ነገር ነው። የጓቲማላው አቲትላን ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 ባስ የተለቀቀው ለስፖርት አጥማጅ ቱሪስቶች ተብሎ ነበር፤ ባሱ የአገሩን ትናንሽ ዓሣዎችና ሸርጣኖች በላ፣ በዚያ ሐይቅ ላይ ብቻ ይኖር የነበረ መብረር የማይችል የውሃ ወፍም ምግቡን ተሻምቶበትና ጫጩቶቹን በልቶበት ቁጥሩ እየመነመነ ሄዶ በመጨረሻ ከምድር ጠፋ። ጃፓን ያ ክብረ ወሰን የተያዘበት ባስ መጤና ጎጂ ነው ብላ እ.ኤ.አ. በ2005 ማራባቱንና ማዘዋወሩን በሕግ ከልክላለች። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ነጭ ዓሣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገብቶ ያደረሰውን ጥፋት ምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ያውቀዋል። ሐረማያ ትንሽ ነው፤ አድፋጭ አዳኝ ቢገባበት ትንንሹ ቆረሶ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ቱሪስቱ ከፈለገ ናይቫሻ ቅርብ ነው።

ከሐረማያ ሌላ ውሃ ለሚፈልግ ሰው ትንሹ የአዴሌ ሐይቅ አለ፤ ከሐረር በስተምሥራቅም የኤረር ሸለቆ አለ። ሸለቆ ለሚወርድ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። የደረቀ አሸዋ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው የወሰደባት የድሬዳዋ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቢሆንም ክሩ ሲሳብ ሰው ሁሉን ይረሳል። ውሃው ድንገት ቢደፈርስ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ቢጀምር ዕቃውን ትታችሁ ከፍ ወዳለው ቦታ ውጡ። በየትኛውም ዳር ቢሆን ደግሞ ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ሣራም ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ የሚገባው በቆዳ ነው።

የቀረው አበላሉ ነው። በዚህ አገር ዓሣ አንድ ልዩ ጥቅም አለው፤ ባራጁ ሃይማኖት የማይለይ ሥጋ ነው። በዚህ ምክንያት ሐረማያ ላይ የያዝኩትን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጎረቤቴ አካፍላለሁ፣ ማንም ማን ባረከው ብሎ አይጠይቀኝም። አምባዛ የጭቃ ሽታ ካለው ቆዳውን ገፎ በሎሚና በጨው ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው፤ ቆረሶ ደግሞ ከነአጥንቱ ጎኑ ተሸንትሮ ቢጠበስ ይጣፍጣል። ቅርፊቱና አንጀቱ ግን እዚያው ሐይቁ ዳር መውጣት አለበት። ደጋው ላይ ቀዝቅዞ የዋለ ዓሣ ደንገጎን ሲወርድ ከ800 ሜትር የሚበልጥ ዝቅታ ወርዶ የድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ይገባል፤ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ በፌስታል የታፈነ ዓሣ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ እስኪደርስ ድረስ መሽተት ይጀምራል፣ ተሳፋሪውም በአሽሙር ይጨርሳችኋል። በረዶ የያዘ ሰው ይዞ ይውረድ፤ ያልያዘው ሐረማያ ከተማ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ አስጠብሶ እዚያው ይብላ፣ ትርፉንም ለጠባሹ ይተውለት።